አፍሪካ አዳራሽ፦ የአንድ ጉባኤ ቤት ሁለት ዘመን

ክቡራትና ክቡራን፣

ከመስቀል አደባባይ ተነሥቶ በዳግማዊ ምኒልክ ጎዳና ወደ ሂልተን ሆቴል የሚያቀና ሰው፣ በአንድ ወገን የብሔራዊ ቤተ መንግሥቱን አጥር፣ በሌላው ወገን የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽንን ግቢ ያገኛል። ዛሬ የምናገርለት አፍሪካ አዳራሽ የሚገኘው በዚህ ግቢ ውስጥ ነው። አብዛኛው የአዲስ አበባ ነዋሪ ይህን ሕንፃ የሚያውቀው ከታክሲ መስኮት፣ ከቴሌቪዥን ዜናና ከታሪክ መጽሐፍ ፎቶግራፍ ነው፤ ገብቶ ያየው ጥቂት ነው። ይህ የሆነውም ያለ ምክንያት አይደለም። አዳራሹ የተሠራው መንግሥታት እንዲመክሩበት ነበርና ሕዝብ እንዲመላለስበት ያሰበ ሰው አልነበረም። አሁን ታድሶ፣ ጉባኤም ጉብኝትም ዐውደ ርእይም የሚስተናገድበት ቤት ሆኗል። ይህ ለውጥ እንዴት እንደመጣና ምን ጥያቄ እንዳስከተለ ላወጋችሁ ነው የመጣሁት። ሐሳቤን ከወዲሁ ልግለጽ፦ የሕዝብ አዳራሽ ከነክብሩ የሚቆየው መጀመሪያ የተሠራለትን ሥራ መሥራት እስከቻለ ድረስ ነው ብዬ አምናለሁ፤ አፍሪካ አዳራሽንም ያተረፈው ይኸው ነው።

የተባበሩት መንግሥታት የኢኮኖሚና ማኅበራዊ ምክር ቤት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽንን ያቋቋመው ሚያዝያ 21 ቀን 1950 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1958) ሲሆን፣ መቀመጫውም አዲስ አበባ ሆነ። በዚያው ወር በጋና መዲና በአክራ በተደረገው የነጻ አፍሪካ መንግሥታት ጉባኤ ላይ የተገኙት ስምንት አገሮች ብቻ እንደነበሩ ልብ ይሏል፤ እነርሱም ኢትዮጵያ፣ ላይቤሪያ፣ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ሊቢያ፣ ሞሮኮ፣ ቱኒዚያና ጋና ነበሩ። የቀረው አህጉር ከሞላ ጎደል በቅኝ ገዥዎችና በነጮች የዘር አገዛዝ እጅ ነበር። ኮሚሽኑን ለማስተናገድ የተመረጠችው አዲስ አበባ ደግሞ ለዚህ የሚመጥን የጉባኤ ቤት አልነበራትም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሕንፃውን አሠርተው ለኮሚሽኑ በስጦታ ለማበርከት የወሰኑት በዚህ ጊዜ ነው። ስጦታው የልግስና ብቻ አልነበረም። ዓለም አቀፍ ድርጅትን ያስጠጋ ከተማ አምባሳደሮችን፣ ሆቴሎችንና አየር መንገዶችን ተከታትለው እንደሚያመጣ ንጉሠ ነገሥቱ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር፤ ያ ስሌት እስከ ዛሬም ለከተማዋ እንጀራ ሆኗል።

ዲዛይኑን የሠራው አርቱሮ ሜዜዲሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1922 ጣሊያን ውስጥ ተወልዶ፣ በወጣትነቱ ወደ አሥመራ መጥቶ፣ ሙያውንም በኤርትራ ጀምሮ ኋላ ወደ አዲስ አበባ የዘለቀ ሰው ነው። እርሱ በኋላ ዘመን ሲያስታውስ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከእርሱ የፈለጉት በዚህ አገር ታላላቅ ሕንፃዎችን በጥራትም በፍጥነትም ማቆም እንደሚቻል በተግባር እንዲያሳይ ነበር። ሥራው በአሥራ ስምንት ወራት ተጠናቀቀ። ሜዜዲሚ የሕንፃውን ቅርጽ ነድፎ ብቻ አልተወውም፤ የልዑካኑን ወንበር፣ ጠረጴዛውን፣ የእንግዳ ማረፊያውን ሶፋ ሳይቀር ለቤቱ ብሎ ነደፈ። የውጭው ግድግዳ በጥቃቅን የሴራሚክ ንጣፎች ተለበጠ፤ ከሩቅ ለሚያየው አንድ ወጥ ቀለም የሚመስለው፣ ቀርበው ሲያዩት ብርቱካንማ፣ ቡናማና ነጣ ያሉ ቁርጥራጮች ጎን ለጎን የተሰካኩበት ነው።

ሕንፃው በሚሠራባቸው ወራት አህጉሩ እንዴት እንደተለወጠ ማሰብ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1960 ብቻ 17 የአፍሪካ አገሮች ነጻነታቸውን አወጁ። ሲሚንቶው ገና ሳይደርቅ፣ ወንበር የሚያስፈልጋቸው አገሮች ቁጥር በእጥፍና ከዚያ በላይ አደገ ማለት ነው። በአገር ቤት ደግሞ የታኅሣሥ 1953ቱ የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ተነሥቶ ከሸፈ፤ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ሹማምንት ተረሸኑ፤ ከተማዋ የጦር አውድማ ሆነች። ከዚህ በኋላ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ጥር 29 ቀን 1953 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1961) ንጉሠ ነገሥቱ አፍሪካ አዳራሽን መርቀው ከፈቱ። የዚያን ቀን ፎቶግራፍ የሚያይ ሰው ዕለቱን እንደ ተራ የምርቃት በዓል እንዳይቆጥረው ይህን ማስታወስ አለበት። ዙፋናቸው ገና አሁን የተነቀነቀ ንጉሥ፣ ለአህጉሩ የመምከሪያ ቤት ከፍተው ማስረከባቸው ነበር።

ወደ ሕንፃው የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ከጉባኤው ክፍል በፊት ያለውን የአፈወርቅ ተክሌን ባለ ቀለም የመስታወት ሥራ ነው። እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ምክንያቱም አዳራሹን ከሌሎች የዚያ ዘመን የስብሰባ ቤቶች የለየው ይህ ሥራ ነው። አፈወርቅ አንኮበር ተወልዶ፣ የማዕድን ምሕንድስና እንዲማር ወደ እንግሊዝ አገር ከተላከ በኋላ ልቡ ወደ ሥዕል ያደላ፣ ለንደን ውስጥ በስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያጠና ሰው ነው። ተመልሶ ሲመጣ እ.ኤ.አ. በ1954 የግል ዐውደ ርእዩን ያቀረበው የት መሰላችሁ? በቀድሞው የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ነው። የሥዕል ማሳያ ቤት ባልነበረበት ዘመን፣ ግብር የሚከፈልበትና አቤቱታ የሚቀርብበት መሥሪያ ቤት አዳራሽ ለሥዕል ተዋሰ። ስለዚህ የመንግሥት አዳራሽን ለባህል ማዋል በኛ ከተማ የትናንት ፈሊጥ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ከዚያም ወጣቱ ሠዓሊ ወደ አውሮፓ ተመልሶ የመስታወት ሥዕል አሠራርን አጠና፤ በለንደን፣ በፓሪስና በቫቲካን ቤተ መጻሕፍት ያሉትን የኢትዮጵያ ብራናዎች ሥዕሎችም መረመረ።

የአፍሪካ አዳራሹ ሥራ በጠቅላላው 150 ካሬ ሜትር ያህል ስፋት አለው፤ በሦስት የተከፈለ ነው። አንዱ ያለፈውን የአፍሪካ መከራ፣ ሁለተኛው በጊዜው የነበረውን ትግል፣ ሦስተኛው መጪውን ተስፋ ያሳያል፤ በዚህ በመጨረሻው ላይ የአገር ልብስ የለበሰ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ችቦ ይዞ ከፊት ይታያል። ትልልቆቹን ዓይኖች፣ ወፍራሙን ጥቁር መስመርና ፊት ለፊት የሚመለከቱትን ሰዎች ያየ ሁሉ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የዓይን ልምድ ከየት እንደገባ አይስተውም። በእርሳስ ዘንግ የተያያዘው መስታወት ብርሃን ሲመታው ቀይ፣ አረንጓዴና ቢጫው ወለሉ ላይ ይወድቃል፤ በዚያ የሚያልፍ ልዑክ በጨርቁ ላይ ቀለም አዝሎ ወደ ጉባኤው ይገባል። አንዳንድ የሥነ ጥበብ ሐያስያን ሥራውን ከልክ በላይ ሰባኪ ነው ይሉታል። እኔ ግን አልስማማም፤ የመታሰቢያ ሥዕል ሹክሹክታ ሊሆን አይገባውም፤ ደግሞም በ1950ዎቹ መጀመሪያ ስለ መላው አፍሪካ ነጻ መውጣት በዚህ ስፋት መናገር ድፍረት የሚጠይቅ ነበር። አንጎላ፣ ሞዛምቢክ፣ አልጄሪያና ኬንያ ገና ነጻ አልወጡም ነበርና።

አዳራሹ በታሪክ መዝገብ ስሙን ያጻፈው ግን በግንቦት 1955 ዓ.ም. ነው። አፍሪካ በዚያን ጊዜ በሁለት ጎራ ተከፍላ ነበር። የካዛብላንካ ቡድን የሚባሉት፣ በተለይ የጋናው ክዋሜ ንክሩማህ፣ ፈጥኖ የሚመሠረት የፖለቲካ አንድነት ይሻሉ፤ የሞንሮቪያ ቡድን የሚባሉት ደግሞ በመንግሥታት ትብብር ላይ የቆመ፣ ቀስ በቀስ የሚያድግ ግንኙነት ይመርጣሉ። ኢትዮጵያ ሁለቱን አቀራርባ በአንድ ጣሪያ ሥር ማስቀመጥን እንደ ዋና ሥራዋ ያዘችው፤ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሩን ይመሩ የነበሩት አቶ ከተማ ይፍሩም ከዋና ከተማ ዋና ከተማ እየተመላለሱ መሪዎቹን አግባቡ። የቶጎው ፕሬዚዳንት ሲልቫነስ ኦሊምፒዮ በዚያው ዓመት በጥር ተገድለው ስለነበር የቶጎ ወንበር ባዶ ቀረ፤ የሞሮኮው ንጉሥም በሞሪታንያ ጉዳይ አኩርፈው አልመጡም። የአልጄሪያው አሕመድ ቤን ቤላ ደግሞ ነጻ ላልወጡት ወገኖች ሲባል ሁሉም ከራሱ ጥቂት መሞት እንዳለበት ተናግረው ጉባኤውን አነቃነቁት።

ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሜይ 25 ቀን 1963) የ32 አገሮች መሪዎችና ተወካዮች የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ቻርተር በዚሁ አዳራሽ ፈረሙ። የነጻነት ንቅናቄዎችን የሚረዳ ዘጠኝ አባላት ያሉት ኮሚቴ እንዲቋቋምና መቀመጫውም ዳሬ ሰላም እንዲሆን የተስማሙትም በዚህ ጉባኤ ነበር። ሜዜዲሚ የነደፋቸው ወንበሮች ላይ ከተቀመጡት መካከል ብዙዎቹ ከጥቂት ዓመታት በፊት እስረኛ፣ መምህር ወይም የሠራተኛ ማኅበር መሪ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ታሪክ በቅጡ ስንጽፍ ስለ ንግግሮቹ ብዙ እንላለን፤ ስለ ቤቱ ግን አንናገርም። ክፍሉ በክብ የተሠራ፣ ማንም ከማንም በላይ የማይቀመጥበት፣ በዙሪያው ባሉት የአስተርጓሚዎች ክፍሎች አማካይነት እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ ተናጋሪው አፍሪካ እርስ በርሱ የሚሰማማበት ነበር። ሁለት ጎራ ለሆነ አህጉር ይህ አቀማመጥ ትንሽ ነገር አልነበረም።

የሚቀጥሉትን ሠላሳ ዓመታት በፍጥነት ላልፋቸው እፈልጋለሁ። ድርጅቱ የራሱን ጽሕፈት ቤት በሌላ ግቢ ቢያገኝም በርካታ የመሪዎች ጉባኤዎቹን እዚያው በአፍሪካ አዳራሽ አደረገ፤ ዘውዱ ወርዶ ደርግ ሲተካ እንኳ አዳራሹ የዓለም አቀፍ ድርጅት ንብረት በመሆኑ በየዘመኑ ከተለዋወጠው የስምና የሐውልት ነቀላ ተርፏል። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም ከስንት ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታልና ቴአትር ቤት እንደተፋቀ ለምናስታውስ፣ ይህ ሕንፃ መጀመሪያውኑ በአህጉሩ ስም መጠራቱ ምን ያህል እንደጠቀመው ግልጽ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ፈተና ግን ከፖለቲካ የከፋ ነበር፤ ተተኪ ተሠራለት። እ.ኤ.አ. በ1996 በዚያው ግቢ ውስጥ ሰፊው የተባበሩት መንግሥታት የጉባኤ ማዕከል ተከፈተ። ጥር 19 ቀን 2004 ዓ.ም. ደግሞ ዓለም በቃኝ ይባል የነበረው ወህኒ ቤት በቆመበት ስፍራ፣ ቻይና በ200 ሚሊዮን ዶላር ያሠራችው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ 2,500 ሰው ከሚይዝ አዳራሹ ጋር ተመረቀ። ትልልቆቹ ስብሰባዎች ሁሉ ወደነዚህ ሄዱ። አፍሪካ አዳራሽ የሚከፈትበት ቀን እየሳሳ ሄደ፤ ሽቦው አረጀ፤ ንጣፉ ከግድግዳው ይረገፍ ጀመር። ሕንፃን የሚገድለው ከዕድሜ ይልቅ ሥራ መፍታት ነው፤ ጣሪያው ሲያፈስ የሚያይ፣ አምፑል ሲቃጠል የሚያመለክት ሰው የሚኖረው ቤቱ ሲሠራ ብቻ ነውና።

በዚህ ጊዜ ሁለት ቀላል መንገዶች ነበሩ። አንደኛው፣ አዳራሹን ቆልፎ የመታሰቢያ ሰሌዳ መለጠፍ ነው። ሁለተኛው፣ ውስጡን አፍርሶ በዘመናዊ መሣሪያ መሙላትና ለፈለገ ሁሉ ማከራየት ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ 56.9 ሚሊዮን ዶላር የፈቀደለት የዕድሳት ዕቅድ ሁለቱንም አልተከተለም። የዕቅዱ ሐሳብ፣ ሕንፃው የጥንት መልኩን ሳይለቅ እንደገና ጉባኤ እንዲያስተናግድ፣ በዚያውም ላይ ለጎብኚ ክፍት እንዲሆን ማድረግ ነበር። ይህን መናገር ቀላል ነው፤ ሲሠራ ግን እያንዳንዱ ነገር ከሌላው ጋር ይጋጫል። በ1953 ዓ.ም. የተሠራ ኮንክሪት ዛሬ የሚጠየቀውን የርዕደ መሬት መከላከያ ደንብ አያሟላም፤ አዲስ ብረትና ግድግዳ ሲጨመር ደግሞ የሜዜዲሚ መስመር ይበላሻል። የአባል አገሮች ቁጥር 54 ደርሷል፤ ወንበር ሲጨመር የክቡ አቀማመጥ ይጠብባል። ማይክሮፎኑ፣ የትርጉም ማዳመጫውና ስክሪኑ ሽቦ ይፈልጋሉ፤ ሽቦው የሚያልፍበት ወለልና እንጨት ግን መቦርቦር የለበትም።

ዕድሳቱን ከመሩት የአውስትራሊያ አርክቴክቶች አሠራር እኔን ይበልጥ የማረከኝ ለዕቃዎቹ የተሰጠው ክብር ነው። በሌላ መሥሪያ ቤት ቢሆን፣ ቀለሙ የለቀቀ ወንበር በሐራጅ ተሽጦ ከውጭ በተገዛ አዲስ ወንበር ይተካ ነበር። እዚህ ግን ሜዜዲሚ ለቤቱ የነደፋቸው የቤት ዕቃዎች አንድ በአንድ ተመዝግበው፣ ሊጠገኑ የሚችሉት ተጠግነው፣ ወደ ቦታቸው ተመለሱ። የውጭ ግድግዳውን የሚሸፍኑት ሚሊዮን የሚቆጠሩ ጥቃቅን ንጣፎችም ከመጀመሪያዎቹ ቀለም ጋር እንዲመሳሰሉ ተደርገው በአዲስ ተተኩ። የአፈወርቅ መስታወትም ተፈትሾ፣ ተጠርጎና ተጠግኖ ወደነበረበት ተመለሰ። ሥራው ከታሰበው በላይ ዓመታት ፈጅቶ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድና የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ አንቶኒዮ ጉቴሬዝ በተገኙበት አዳራሹ እንደገና ተመረቀ። ወጪው በዛ የሚል ወቀሳ እሰማለሁ። ወቀሳው ፍሬ አልባ ነው አልልም፤ ነገር ግን በዚያ ገንዘብ የተገዛው አሮጌ ቤት ብቻ ሳይሆን ከዛሬ ስልሳ ዓመት በፊት የቆመ አዳራሽ ነገ ጠዋት ጉባኤ የሚያስቀምጥበት አቅም ነው።

ንጽጽር ካልቀረበ የምለው ስለማይጠራ፣ ሌሎች ሁለት አዳራሾችን ልጥቀስ። አንደኛው በቸርችል ጎዳና አናት ላይ፣ ከአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የቆመው የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ነው፤ እርሱም የሜዜዲሚ እጅ ሥራ ሲሆን ከአፍሪካ አዳራሽ በጥቂት ዓመታት ይከተላል። ለብዙ ሰው ማዘጋጃ ቤት ማለት የልደት ምስክር ወረቀት፣ የካርታና የግብር ወረፋ ቢሆንም፣ በዚያው ሕንፃ ውስጥ አዲስ አበባ ቴአትርና ባህል አዳራሽ የምንለው መድረክ አለ፤ ነዋሪው ጠዋት ጉዳይ ሊያስፈጽም በገባበት ቤት ቅዳሜ ከሰዓት ቴአትር ሊያይ ይገባል። ይህ ደስ የሚል ጥምረት ነው፤ የከተማ አስተዳደርና የከተማ ጨዋታ አንድ ጣሪያ መጋራታቸው ከመጀመሪያውም የታቀደ ነበር። ስለዚህ ማዘጋጃ ቤቱ ወደ መዝናኛ ስፍራነት ተለወጠ ለማለት አልደፍርም፤ ሁለቱንም ሆኖ ነው የተወለደው።

ሁለተኛው የቦሌው ሚሊኒየም አዳራሽ ነው። ለአንድ ሌሊት፣ ማለትም የ2000 ዓ.ም. ዘመን መለወጫን ለመቀበል የተሠራ ቤት፣ ከዚያ ወዲህ የሙዚቃ ድግስ፣ የበዓል ባዛር፣ የንግድ ትርኢትና የመንግሥት ስብሰባ ሲፈራረቁበት ኖሯል፤ በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ደግሞ አልጋ ተደርድሮለት የሕክምና ማዕከል ሆኗል። ለከተማዋ የሰጠው አገልግሎት ቀላል አይደለም። ሆኖም እንዲህ ያለ ቤት የተሠራው ባዶ ሆኖ ነው፤ ዛሬ የመጣ ሁሉ የራሱን መጋረጃ ሰቅሎ፣ የራሱን መብራት ተክሎ፣ ማታ ነቅሎ ይሄዳል። አፍሪካ አዳራሽ ይህን ሊሆን አይችልም። ወንበሩ ከወለሉ፣ ሥዕሉ ከግድግዳው፣ ክፍሉ ከክብነቱ ጋር የተጋባ ነው፤ ድግሱ ለቤቱ ይገባል እንጂ ቤቱ ለድግሱ አይበጅም።

አዳራሹ አሁን በር ከፈተ ስንል፣ ምን ይግባበት የሚለው ጥያቄ አብሮ ይመጣል። ዕድሳት ገንዘብ ይበላል፤ ጥገናው ደግሞ በየዓመቱ ይበላል፤ ስለዚህ አዳራሹ እንግዳ ማስተናገዱ ተገቢ ነው። የኮሚሽኑና የኅብረቱ ጉባኤዎች ቅድሚያ ይኑራቸው፤ ይህ አያከራክርም። ከዚያ ቀጥሎ የሕዝብ ንግግር፣ የመጽሐፍ ምረቃ፣ የሥነ ጥበብ ዐውደ ርእይና የተማሪዎች ክርክር ቢገቡ ለቤቱ ይመጥናሉ ባይ ነኝ። የምርት ማስተዋወቂያና ሠርግ ግን ሌላ ቤት አያጡም፤ ከቦሌ እስከ ሲኤምሲ ያለው አዳራሽ ሁሉ የእነርሱ ነው። ይህን ስል ሠርግን ንቄ አይደለም፤ በአበባ ቅስት የተከለለ የአፈወርቅ መስታወት ለሙሽሮቹም ለመስታወቱም የማይበጅ ስለሆነ ነው።

ከዚህ ይበልጥ የሚያሳስበኝ የጉብኝቱ ነገር ነው። ሕንፃው ያለው በተባበሩት መንግሥታት ግቢ ነው፤ ይህም ማለት ጥበቃ፣ ፍተሻ፣ መታወቂያና ቅድመ ምዝገባ ማለት ነው። ለጥበቃው ምክንያት አለ፤ ነገር ግን ለአህጉር ጎብኚና ለዲፕሎማት የተመቸ ሥርዓት፣ ከሽሮ ሜዳ ወይም ከአቃቂ ስልሳ ተማሪዎችን ይዞ ለሚመጣ የታሪክ መምህር የግድ አይመችም። መምህሩ ኢሜይል ጽፎ፣ ስም ዝርዝር ልኮ፣ መልስ ጠብቆ መምጣት ካለበት፣ ብዙ ጊዜ ይተወዋል። በሳምንት አንድ ቀን ለትምህርት ቤቶች ብቻ ቢወሰን፣ ማብራሪያውም በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ ሳይወሰን በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሌሎች የአገር ቋንቋዎች ቢሰጥ፣ ቻርተሩ የተፈረመበትን ክፍል የከተማዋ ልጆች ከፎቶግራፍ ውጭ ያዩታል። ልጆቹ ሲመጡም በመስታወቱ ፊት ፎቶ አንሥተው ብቻ እንዳይመለሱ፣ ወደ ጉባኤው ክፍል ገብተው በልዑካኑ ወንበር ይቀመጡ፤ አንዱ በጋና፣ አንዱ በላይቤሪያ፣ አንዱ ባዶ በቀረው በቶጎ ስም ይናገር፤ ከኋላ ባሉት ክፍሎችም አንድ ሁለቱ ገብተው ጓደኞቻቸው የሚሉትን ወደ ሌላ ቋንቋ ለመመለስ ይሞክሩ።

አመሰግናለሁ።